የባሻ ለቅሶ

ወይዘሮ ጥሩብርሃን ልትሸለም መሆኗን የሰማችው በቀበሌው ሱቅ ደጃፍ ለሳሙና ተሰልፋ ሳለች ነው። ከፊቷ የቆሙት ሁለት ሴቶች ከኋላቸው ማን እንዳለ ልብ አላሉም። አንደኛዋ ሰኞ በሚደረገው ስብሰባ ላይ ከአውራጃው ካድሬ እንደሚመጣ፣ ንግግርና ጭብጨባ እንደሚኖር ስታወራ ቆይታ፣ «ሽልማትም አለ አሉ» አለች። «ለማን?» «ለዚያች ልጇ ተገድሎባት አንዲት ዘለላ እንባ ላልወጣት። ቆራጥ እናት ብለው መድረክ ላይ ሊያወጧት ነው።» ሁለተኛዋ ከንፈሯን መጠጠች፤ ለሟቹ ይሁን ለእናቲቱ ወይስ ለሳሙናው መዘግየት አይታወቅም። ጥሩብርሃን ዘንቢሏን ከአንዱ ክንዷ ወደ ሌላው አዛውራ ከሰልፉ ወጣች። በዚያ ዘመን ሳሙና የሚመጣው ሲመጣ ነው። ተራው ሊደርሰው የተቃረበ ሰው ሰልፍ ጥሎ ሲሄድ ያየ ሁሉ፣ ወይ አብዳለች ወይ የሆነ ነገር ሰምታለች ማለቱ አይቀርም።

ነገሩን ላስረዳ። ጥሩብርሃን ያላለቀሰችው ስለ ተከለከለች ነው። ልጇ ዘነበ ገደብ በምትባል ከተማ አስተማሪ ነበር። በቀይ ሽብሩ ጊዜ ለእረፍት ወደ ቤቱ ዲላ እንደ መጣ ይዘውት ሄዱ፤ ከዚያ እርምጃ ተወስዶበታል ተባለ። ሬሳውን አልሰጧቸውም። ወሬው በተሰማበት ቀን የቀበሌ ሰዎች መጥተው፣ ለፀረ አብዮት እንደማይለቀስ፣ ጥቁር እንደማይለበስ፣ ድንኳን እንደማይተከል፣ ሰው እንደማይሰበሰብ ነግረዋት ሄዱ። እሷም አላለቀሰችም። አሁን እነዚያው ሰዎች አላለቀሰችም ብለው ሊያጨበጭቡላት ነው። የሰው አፍ በእጅ አፍኖ «እንዴት ያለች ጭምት ናት!» ብሎ ማድነቅ ይሏል ይህ ነው። እኔ ጎረቤቷ ነበርኩ፤ አጥራችን አንድ ነው። የቀርከሃ አጥር ደግሞ ምስጢር አይቋጥርም፣ የጎረቤት ማንኮራፋት እንኳን ያሳልፋል። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ሳጓን ሰምቼ አላውቅም። ብሰማ ይሻለኝ ነበር።

ግቢዋ ስትገባ ኩልሱም ቀድማት ደርሳ በረንዳው ላይ ተቀምጣለች። የታመመ ልትጠይቅ ነው የመጣችው። የታመመው ባሻ ነው፤ ባሻ ደግሞ የነጥሩብርሃን ኤሊ ነው። በሰፈራችን ኤሊ የሚያሳድጉ ሦስት ቤቶች ነበሩ። ኩልሱም ባሏ የሞተባት ልብስ ሰፊ ናት፤ አስም ያስቸግራታል። ኤሊ ባለበት ቤት ትንፋሽ አይታፈንም ብላ እናቷ ስለ ነገረቻት፣ ኤሊዋን አልጋዋ ሥር ታስተኛታለች። እሷ ከመጣች ወዲህ ቀለል ብሎልኛል ትላለች፤ ይህን ብላ ለመጨረስ ግን ሁለት ጊዜ ማረፍ አለባት። ጋሽ ከሊፋ ነጋዴ ነው፤ ቡና የሚያመላልስ ኤንትሬ የጭነት መኪና አለው። ወናጎ አጠገብ መኪናው ሊረግጠው ሲል ፍሬን ይዞ፣ ወርዶ ያነሳውን ኤሊ ቤቱ አመጣና «ልዑል» ብሎ ስም አወጣለት። አብዮቱ ሲፈነዳ ስሙን «ጓድ» ብሎ ለወጠው። አንድ ቀን «ጓድ፣ ጎመንህን ብላ!» እያለ ሲቆጣው አንድ ካድሬ በአጥር ሰምቶ ምን ለማለት እንደ ፈለገ ስለ ጠየቀው፣ ስም ማውጣቱን እርግፍ አድርጎ ተወ። ኤሊው ከዚያ ወዲህ ስም የለሽ ሆኖ ቀረ።

እነዚህ ሦስት ቤቶች በአገርም በሃይማኖትም አይገናኙም። ከሊፋና ኩልሱም ወላጆቻቸው ለንግድ የመጡ ሙስሊሞች ናቸው፤ ጥሩብርሃንና ባሏ አቶ ወልደዮሐንስ የዚሁ አገር ሰዎች፣ ወንጌላውያን ናቸው። ያዛመዳቸው ኤሊ ነው። የአንዱ ኤሊ አፍንጫው ሲፈስ ሌላው ፓፓያ ይዞ ይመጣል። በሽተኛው ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ይነከራል፣ ዓይኑ በጨው ውሃ ይታጠባል፤ ጠያቂዎቹም ተቀምጠው ከኤሊው አፍንጫ ጀምረው ወደ ኩልሱም ትንፋሽ፣ ወደ ከሊፋ ስኳር፣ ወደ አቶ ወልደዮሐንስ ጨጓራ ይሻገራሉ። ሲነሱ «ይማረው»፣ «አሜን»፣ «አሚን» ተባብለው ነው። ዘነበ ከሞተ በኋላ ያንን ግቢ ሰው ሁሉ ፈራው፤ እኔም ፈርቼዋለሁ። ኤሊ ጠያቂ ግን አልተከለከለም። ባሻ ፍጹም ደህና በነበረ ጊዜ እንኳን ሁለቱ በየቀኑ «እንዴት አደረ?» እያሉ ይመጡ ነበር። ባሻም ይሉኝታ ይዞት ይመስል፣ ክረምቱ ሲገባ የእውነቱን ታመመ። ዓይኖቹ ተጣበቁ፣ አፍንጫው አረፋ ደፈቀ፣ ምግብ ተወ።

ለባልና ሚስቱም ቢሆን ባሻ ባይኖር ምን እንደሚነጋገሩ እንጃ። በዚያ ቤት የዘነበ ስም ከተጠራ ቆይቷል። አቶ ወልደዮሐንስ የቡና መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነው፤ የልጁ ነገር እንጀራዬን ያሳጣኛል ብሎ የሚሰጋ፣ ኮቱን እንደ ቆለፈ የሚተኛ የሚመስል ሰው። ማታ ሲገባ «በላ?» ይላል፤ እሷ «አልበላም» ትላለች። እራት ይቀርባል። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የቆየ ጋዜጣ እያዩ ይበላሉ፤ ሁለቱም በቃላቸው የሚያውቁት ጋዜጣ ነው። ከዚያ አንዱ «ነገ በፀሐይ ብናወጣው» ይላል፤ ሌላው «እናውጣው» ይላል። ልጃቸውን የቀበሩት እዚያ ዝምታ ውስጥ ነው፤ ሌላ መቃብር አልተሰጣቸውም።

ጥሩብርሃን ዘንቢሏን ሳታስቀምጥ «ሰኞ ሊሸልሙኝ ነው» አለች።

«ምን አድርገሽ?» አለች ኩልሱም።

«አላለቀሰችም ብለው።»

ኩልሱም እጇን ከባሻ ላይ አነሳች። ባሻ ጭኗ ላይ ነበር፤ ዓይኑን በጥጥ ስትጠርግለት ቆይታለች። የጥሩብርሃንን ፊት አየች፤ እርጥበት የሌለበት፣ የተጠረገ ፊት ነው። ከዚያ የባሻን የኋላ እግር በጣቷ ነካ አደረገችው። እግሩ ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ ተሰበሰበ። ይህን ሁለቱም አይተዋል። ኤሊ ያሳደገ ሰው ደግሞ የሞተ ኤሊ እግሩ እንደሚንጠለጠል እንጂ እንደማይሰበሰብ ያውቃል። ኩልሱም ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ባሻን ሸፈነችው፣ ምንጣፉ ላይ አስተኛችው፣ «አላህ ይቅር ይበለኝ» ብላ አጉተመተመችና ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች። «ወይኔ ባሻ! ወይኔ ወንድሜ! ሞተ! ሞተብን!» ያ ሁሉ ድምፅ ከዚያች አስመኛ ደረት ከየት እንደ ወጣ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

እኔ አጥር ተሻግሬ ስደርስ ግማሽ ሰፈር በር ላይ ቆሟል። «ማነው የሞተው?» «ባሻ ነው።» «የትኛው ባሻ?» «ኤሊው።» እዚህ ላይ ሁሉም ሰው ለትንሽ ጊዜ ቀጥ ይላል። ከዚያ ፊቱ ላይ አንድ ነገር ያልፍና ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ እንባውን አዘጋጅቶ ይገባል። አንድም ሰው አልሳቀም። ከሊፋ የመኪናውን ሸራ በሁለት ወዛደር አሸክሞ አመጣና ከበረንዳው እስከ አቮካዶው ዛፍ ወጠረው፤ ድንኳን የእድሩ ነው፣ እድሩ ደግሞ የቀበሌው ነው፣ ሸራ ግን የቡና ነው፣ ስለ ሸራ የወጣ መመሪያ የለም። አሰፋች የምትባል ጎረቤታችን ንፍሮ ጣደች። ጽጌማርያም፣ በየለቅሶው የመቃብር ነገር የሚያሳስባት ሴት፣ «የት ነው የሚቀበረው? በየትኛው ሃይማኖት?» ብላ ጠየቀች። ከሊፋ «ጓሮ» አላት። ሁለት የወንጌላውያን ሽማግሌዎች ደግሞ ነፍስ ይኑረው አይኑረው ለማይታወቅ እንስሳ መዝሙር ይገባል አይገባም በሚል ጥግ ይዘው ተከራከሩ። በመጨረሻ ያለ ቃል፣ በዜማው ብቻ ቢያዜሙ ኃጢአት እንደማይሆን ተስማሙና ማንጎራጎር ያዙ። ሙስሊሞቹ ጮኾ ማልቀስ አይፈቀድልንም ይላሉ፤ ወንጌላውያኑም ተስፋ እንደሌላቸው አታልቅሱ ተብለናል ይላሉ። በዚያ ቀን ግን ሁለቱም ወገን የተፈቀደለትን ማሰብ የፈለገ አልመሰለኝም።

ጥሩብርሃን መጀመሪያ ነጠላው አጠገብ ተቀመጠች። እንዴት እንደሚለቀስ የጠፋባት መሰለች፤ አፏን ትከፍትና መልሳ ትዘጋዋለች። ኩልሱም ክንዷን ይዛ «በይ እንጂ ጥሩዬ፣ ባሻ እኮ ነው! ለባሻ ነው!» አለቻት። ያኔ ወጣላት። መጀመሪያ እንደ ሳል ነው የመጣው፣ ቀጥሎ እንደ ሰው። ደረቷን እየደቃች ወደ ነጠላው ጎንበስ ቀና ትል ጀመር፤

«ቁመቱ ሎጋ፣ ደረቱ ሰፊ፣
ከገደብ ዲላ በእግሩ አላፊ!»

ሴቶቹ ተቀበሏት። እኔ ወንድ ነኝ፣ ለቅሶ ቤት መሬት መሬት ማየት ነው ልማዴ፤ ያን ቀን ግን እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅሁ። ያሳፍራል፣ ቢሆንም ደስ ይላል። ዘነበ የኔን የበኩር ልጅ ፊደል ያስቆጠረ ልጅ ነው፤ ወራት ሙሉ እንዳልሰማሁ ሆኜ ነበር። ስሙን ግን ማንም አልጠራም። ባሻ፣ ባሻ ነው የሚባለው። ጥሩብርሃን «ባሻዬ» ባለች ቁጥር ርቦት ድንጋይ እንደሚያኝክ ሰው ትሆናለች።

እኩለ ቀን ላይ አቶ ወልደዮሐንስ ከሥራ ተመለሰ። በር ላይ ሸራውን አየ፣ ሕዝቡን አየ፣ ፊቱ አመድ መሰለ። ሰው መንገድ ለቀቀለት። ለቅሶ ቤት ባለቤት መሬት ነው የሚቀመጠው፤ እሱ ግን ከቤት ወንበር አወጣና በረንዳው ጥግ፣ ከሁሉ ፈንጠር ብሎ እግሩን አነባብሮ ተቀመጠ። ከመቀመጡ በፊት ወደ ሚስቱ ጎንበስ ብሎ የተናገረውን አጠገቧ ስለ ነበርኩ ሰማሁት። «ሰኞን አስቢ። ከተሸለምሽ ይተዉናል። በሰላም እንኖራለን።» እሷ ቀና ብላ አየችው። «ምን ይዘን?» አለችው። ተቃንቶ ወደ ወንበሩ ሄደ። ያ ሽልማት ለእሱ ማረፊያ ነው፤ በር በተንኳኳ ቁጥር አለመደንገጥ ማለት ነው። አልፈርድበትም። ግን በዚያች ሰዓት ከወንበሩ ላይ ገፍቼ ብጥለው ደስ ይለኝ ነበር።

ሰብስቤ የመጣው ከምሳ በኋላ ነው። የቀበሌያችን አብዮት ጥበቃ ኃላፊ ነው፤ ገና ጢሙ በቅጡ ያልወጣ፣ ጠመንጃው ከሱ የሚረዝም ልጅ። ከዘነበ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ተምሯል፤ ከዚያ ቤት ቆጮ ስንቴ እንደ በላ የምታውቀው ጥሩብርሃን ናት። ዘነበን ከወሰዱት መካከል ይኑር አይኑር አናውቅም፤ ጠይቆም የሚያውቅ የለም። ሸራው ሥር ቆሞ ሙሾውን አዳመጠ። ልክ በዚያን ጊዜ ጥሩብርሃን፤

«ካኪ ኮት ለባሹ፣ ጠመኔ የያዘው፣
ያን ሁሉ ተማሪ ለማን አደራ አለው!»

እያለች ነበር። ሰብስቤን ስታይ ሙሾውን አቋረጠች። የሽማግሌዎቹም እንጉርጉሮ ትንሽ ተንጠባጥቦ ቆመ።

«ማን ሞቶ ነው?» አለ ሰብስቤ።

ከሊፋ ተነስቶ «ኤሊ ነው ልጄ። ባሻ የሚሉት ኤሊ» አለው።

«ኤሊው ሎጋ ነበር?»

«ለኤሊ ሎጋ ነበር። አንገቱን ሲያወጣ ይህን ያህላል።» ከሊፋ እስከ ክርኑ ድረስ አሳየ።

«ከገደብ ዲላ በእግሩ ይመጣ ነበር?»

«አንዴ መጥቷል። ስንት ጊዜ እንደ ፈጀበት እሱ ነው የሚያውቀው።»

«ካኪ ኮትስ?»

«የድንጋይ ልብሱ! ካኪ ነው እኮ። ደህና ካኪ።»

«ጠመኔስ?»

እዚህ ላይ ከሊፋ ተያዘ። ኩልሱም ናት ያተረፈችው። «ይበላው ነበር» አለች ትንፋሿን እየሰበሰበች። «ጠመኔ ፈጭተን ጎመን ላይ ነስንሰን እንሰጠዋለን። ድንጋዩን ያጠነክርለታል።» ከተባለው ሁሉ እውነቱ ይህ ብቻ ነበር፤ እውነት ስለሆነም ይሁን፣ ከሁሉ የባሰ ውሸት ይመስል ነበር። ሰብስቤ ስለ ተማሪዎቹ ሊጠይቅ አፉን ከፈተና ተወው። የሚያምን መስሎ ለመታየት እየታገለ እንደ ነበር አሁን ሳስበው ይገባኛል። ግን ኃላፊ ነው፤ አንድ ነገር ማድረግ አለበት።

«እሺ፣ ሬሳውን አሳዩኝ» አለ።

በዚያ ቤት ስለ ሬሳ ሲነሳ ይህ የመጀመሪያው ነው። ጥሩብርሃን የተቀመጠችበት ሆና ነጠላውን በሁለት ጣቷ ገለጠችው። ባሻ ድንጋዩን ለብሶ ጭብጥ ብሎ ተኝቷል። ሰብስቤ ጎንበስ ብሎ አየ፣ እኛም ሁላችንም ጎንበስ አልን። ይህ ኤሊ ሲያምረው ለሳምንት አይነቃነቅም፤ ዛሬም እንዲያ ያደርጋል ብለን ፈጣሪን በየሃይማኖታችን ለመንነው። ኤሊው ግን ግማሽ ቀን ሙሉ በነጠላ ተሸፍኖ፣ በሕዝብ ትንፋሽ ሲሞቅ ውሎ፣ ወር ሙሉ ያላገኘውን ሙቀት አግኝቷል። መጀመሪያ አፍንጫው ወጣ፤ አረፋ የለበትም። ቀጥሎ ዓይኖቹ ተከፈቱ። ከዚያ አንገቱን ዘረጋ፣ ከሊፋ ካሳየው እጅግ ያነሰ አንገት ነው፣ አራት እግሩን ተክሎ ተነሳና በሰብስቤ ቦት ጫማ ላይ ተረማምዶ ኩልሱም ጠዋት ያመጣችው የፓፓያ ቁራጭ ዘንድ ሄደ። ገመጠው።

«በላ!» አለ ከሊፋ። ያመለጠው ነው። ፊቱ ግን በደስታ በራ፤ ኩልሱምም «አልሐምዱሊላህ!» ብላ እጇን አጨበጨበች። ኤሊ አሳዳጊ ሲባል እንዲህ ነው፤ ገመድ አንገቱ ላይ ቢሆንም የታመመው ሲበላለት ደስ ይለዋል። ጥሩብርሃን ግን ደስ አላላትም። ለቅሶዋ ፓፓያ እየበላ ነው።

ሰብስቤ ተቃና። ትከሻው ቀለል ያለው መሰለኝ። «በሕይወት አለ። ለቅሶ የለም። ሸራው ይውረድ፣ ሰው ይበተን። ሰኞ ስብሰባ አለ፣ እትዬ ጥሩ፣ ቀደም ብለሽ ነይ» አለ። ከኋላ ያሉት መነሳት ጀመሩ። አሰፋች የንፍሮውን ሰታቴ ጆሮ ያዘች፤ አንዱ ሽማግሌ ባርኔጣውን አደረገ። ጥሩብርሃን ነጠላውን እያጣጠፈች ነበር፣ በአራት፣ በስምንት፣ ከዚያ በላይ እስከማይታጠፍ ድረስ። እንባዋ ግማሽ መንገድ ላይ ቀርቶ ፊቷ ላይ ይደርቃል። ከዚያች ደቂቃ የከፋ ነገር በሕይወቴ ያየሁ አይመስለኝም።

የወንበር ድምፅ ሰማን። አቶ ወልደዮሐንስ ተነስቷል። ኮቱን ቁልፍ በቁልፍ ፈታ፣ አውልቆ ወንበሩ ላይ ሰቀለው፣ በሰው መሃል አልፎ መጣና ሚስቱ አጠገብ፣ መሬት ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። ጫማውን አወለቀ። ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አደረገ። «ዘነበ» አለ። አልጮኸም፤ እራት ቀርቧል ብሎ ከጓዳ ልጁን እንደሚጠራ ሰው ነው ያለው። ከዚያ ድምፁ ተሰበረና «ዘነበ፣ ዘነበ ልጄ» አለ፣ ተንበርክኮ ግንባሩን መሬት ላይ አደረገ።

ሊሄድ የተነሳው ሁሉ ባለበት ቆመ።

«ማነው ዘነበ?» አለ ሰብስቤ።

ጥያቄ አልነበረም፤ ልመና ነበር። ከመሃላችን አንዱ የኤሊው ሌላ ስሙ ነው እንዲለው ይጠብቃል። ብንለው ይቀበል ነበር፣ በደስታ ይቀበል ነበር። ለሎጋውም ለካኪውም መልስ ያላጣውን ከሊፋን አየው። ከሊፋ ቀስ ብሎ ቁጭ አለ። ኩልሱምን አየ፤ ኩልሱም እየታፈነች ዓይን ዓይኑን አየችው። እኔን አየ። ፈራሁ፣ እውነቴን ነው፣ ግን እኔም ተቀመጥኩ። ሽማግሌው ባርኔጣውን አወለቀ። አሰፋች ሰታቴውን መልሳ አስቀመጠችው። ከኋላ የነበሩትም አንድ በአንድ ተቀመጡ፤ ሸራው ሥር የቆመ ሰው ሰብስቤ ብቻ ቀረ፣ ባሻም እግሩ ሥር ፓፓያውን ያላምጣል።

ልጁ ጠመንጃውን በአንዱ ትከሻ አደረገ፣ ወደ ሌላው አዛወረው። ወደ በሩ አየ፤ መንገዱ ላይ ማንም አልነበረም። መሃላችን እንደ ተገተረ፣ ለማን እንደሚናገር ሳይታወቅ፣ «እኔ እዚህ የለሁም» አለ።

አልሄደም። ፊቱን ወደ አቮካዶው ግንድ አዙሮ ቆመ።

ያኔ ጥሩብርሃን ያጣጠፈችውን ነጠላ ጣለችውና ልጇን በስሙ ጠርታ አለቀሰች።